ዐሥረኛው ድምፅ

ኪዳነማርያም ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ባለው አሮጌ የእንጨት ቤት ፎቅ ላይ፣ በገዛ ሱቁ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ከራሱ ሥር የገዛ ኮቱ በጥንቃቄ ታጥፎ ገብቷል፤ መነጽሩም ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የተኛ እንጂ የሞተ ሰው አይመስልም ነበር።

ዋና ኢንስፔክተር ነጂባ የሲን እሑድ ጠዋት የሚንቋቋውን ደረጃ ወጥታ ስትደርስ፣ ሳጅን ገብረአብ በሩ ላይ ቆሞ የተሰበረ ጓጉንቸር በጓንት ይዞ ያገላብጥ ነበር።

«ከውጭ ተቆልፎበት ነው የተገኘው» አላት። «ጓደኛው መጥቶ ቢያንኳኳ መልስ የለም። በበሩ ጎን ባለው መስኮት ሲያይ ወለሉ ላይ ተዘርሯል። ጮኸ፤ ጎረቤት ወጥቶ ቁልፉን ሰበረ። ገድለው ቆልፈውበት ሄደዋል፣ ኢንስፔክተር።»

ነጂባ ጓጉንቸሩን ተቀብላ አየችው። ሲጫኑት ያለ መክፈቻ የሚገጥም ዓይነት ነው። ጎኑ ላይ እንደ አውራ ጣት ያለ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል። መለሰችለትና ገባች።

ሱቁ ሞልቶ የተረፈ ነው። ሟቹ እንጀራውን የሚበላው ስልክና ፕሪንተር እየጠገነ ነበር፤ ግድግዳውን የሞሉት ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበሩ፣ ቀለማቸው የወየበ ኮምፒውተሮች ናቸው። ነጂባ ከሟቹ አጠገብ ተንበረከከች። የራስ ቅሉ ኋላ አብጧል፤ የፈሰሰው ደም ጥቂት ነው። ከእግሩ አጠገብ ጀርባው የተነፋ አሮጌ ስክሪን ተገልብጧል፤ በብረቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ሽበት ተጣብቋል።

«ወደ ኋላ ሲሄድ በዚህ ተሰናከለ፤ ራሱን እዚህ ጋ መታ» አለች።

«ተገፍቶ ነዋ።»

«ሊሆን ይችላል። የገፋው ሰው ግን ኮት ያጥፍለታል?»

ነጂባ ተነስታ የበሩን የውስጥ መቀርቀሪያ ሳበችው፤ ያለ ችግር ሄደ፣ ያለ ችግር ተመለሰ። የጓጉንቸሩ መክፈቻ ከሟቹ የሱሪ ኪስ ወጣ። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ቆመች። ክዳኑ የተከፈተ ኮምፒውተር አለ፤ ከጎኑ በነጭ ጨርቅ ላይ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ካርድ፣ አጠገቧም የአቧራ ብሩሽ ተቀምጧል።

ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት እትዬ ወርቅአፈራሁ ነበሩ። ፒያሳ ያለው ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ነው እዚህ የተከራዩት። ነጂባን ከአልጋቸው ጫፍ አስቀመጧት።

«ቅዳሜ የሰሙት ነገር አለ፣ እትዬ?»

«ሙዚቃውን ነዋ፣ ልጄ! ያቺን የታክሲ ጨዋታውን ሙዚቃ። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ካለቀ በኋላ ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴት አልሆን? ሁልጊዜ ስሰማት በከዘራዬ ግድግዳውን እመታበታለሁ። ንብ ቆርቆሮ ውስጥ ገብታ የምትጮህ ነው የምትመስለው። ቅዳሜ ግን አልመታሁም።»

«ለምን?»

«ደስ አለችኝ። ክራሩ ክራር ነበር። ዋሽንቱም ዋሽንት። ዛሬ ምን ነክቶት ነው ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።» አሮጊቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያኔ እየሞተ ነበር እንዴ? እኔ ተቀምጬ ስሰማ?»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ንግግር ነበር፤ አልለየሁትም። የሆነ ነገርም ወደቀ። እሱ ቤት የሆነ ነገር የማይወድቅበት ቀን የለም፤ ምን ብዬ ልውጣ?» አንገታቸውን ደፉ። «መውጣት ነበረብኝ።»

አስከሬኑን ያገኘው ጓደኛ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ሙደሲር ይባላል፤ ፒያሳ ውስጥ ስቱዲዮ ያለው፣ ብዙ ዘፋኞች ያቀናበረላቸው፣ ስድሳን የተጠጋ ሰው ነው። ነጂባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እኔ ሙዚቃ አላውቅም ጋሽ ሙደሲር። ያቺ ጨርቁ ላይ ያለችው ካርድ ምንድን ናት?»

«የድምፅ ካርድ ናት። የእሱ ነፍስ» አለ። «ድሮ ኮምፒውተር ዲዳ ነበር፤ ጢጥ ጢጥ ከማለት ሌላ አያውቅም። እሷ ስትገባበት ነው አፉን የፈታው። ሦስታችን፣ እሱ፣ እኔና እምሩ፣ በሰማንያዎቹ መጨረሻ አንድ ጨዋታ ሠራን። ‹አንድ ሰው ብቻ› ይባላል። ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚሄድ ታክሲ ነው፤ ወያላው እየጠራ ተሳፋሪ ትሞያለሽ። እሱ ፕሮግራሙን ጻፈ፣ እምሩ ሥዕሉን ሣለ፣ ዜማው የኔ ነው። በዲስኬት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ያልገባበት ሰፈር አልነበረም።»

«ዜማው ካርዷ ውስጥ ነው ያለው?»

«አይደለም። ጨዋታው ውስጥ ያለው ትእዛዝ ብቻ ነው። ‹ይህን ኖታ፣ በዚህ ጊዜ፣ በክራር ድምፅ› ይላል። ድምፁን የምታወጣው ካርዷ ናት፣ እንደ አቅሟ። ያንኑ ትእዛዝ ለሌላ መሣሪያ ብትሰጪው በራሱ ድምፅ ይጫወተዋል። ቃሉ አንድ፣ ጉሮሮው ሌላ እንደማለት ነው።»

«ሌላ ጉሮሮ የሰጠው ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ። የፊታችን ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለጨዋታው የመታሰቢያ ምሽት ተሰናድቷል። ጽዮን የምትባል የአዳራሹ ሠራተኛ ናት ያሰበችው። ለዚያ ስል በስቱዲዮዬ መሣሪያ አጫውቼ ቀዳሁት። ለጽዮንና ለእምሩ ላክሁላቸው።»

«ለኪዳነማርያምስ?»

«እንዳትልክልኝ አለ።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ። ሳምንቱን ሙሉም አልተገናኘን።»

«ካርዷን ከኮምፒውተሩ መቼ አወጣት?»

«ቅዳሜ ረፋድ። ሊያጸዳት ብሎ...» ሙደሲር ንግግሩን አቋረጠ። ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ሳምንቱን ሙሉ አልተገናኘንም ብለውኝ ነበር» አለች ነጂባ።

«መጥቼ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በካርዷ ካልሆነ አልመጣም አለኝ። ‹ይህን ቆርቆሮ ይዘህ ሰው ፊት አታዋርደን› አልኩት። ‹አንተ ያፈርክበትን እኔ ሠላሳ ዓመት ኖርኩበት› አለኝ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት።»

ሰኞ ከሰዓት የምርመራው ሐኪም ደወለ። ደሙ ራስ ቅሉ ውስጥ ቀስ እያለ ተጠራቅሞ ነው የገደለው። እንዲህ ያለ ሰው፣ አለ ሐኪሙ፣ ከወደቀ በኋላ ነቅቶ ሊያወራ፣ ሊስቅ ይችላል። ኋላ እንቅልፍ ይጫነዋል፤ ያንኮራፋል፤ ያ እንቅልፍ ግን እንቅልፍ አይደለም።

«ሆስፒታል ቢደርስስ?» አለች ነጂባ።

«በጊዜው ቢደርስ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር።»

ስልኩን ዘግታ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወረደች። እምሩን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተለካ ሽማግሌ ነው። ስታይ ጣቶቹ እስከ ጥፍራቸው ሰማያዊ ናቸው።

«ቅዳሜ ወደ ጋሽ ኪዳነማርያም ሱቅ ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር» አላት። በዕድሜ ቢበልጣትም አንቱታውን አልተወም።

«ጋሽ ሙደሲር የላኩልዎትን ቅጂ ሰምተውታል?»

እምሩ ከኪሱ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ አወጣ። «በዚህች ምን ይሰማል? ስቱዲዮው ድረስ ሄጄ ነው የሰማሁት።»

«ጋሽ ኪዳነማርያም ቤተሰብ የላቸውም እንዴ? ትናንት ማንን እንደምናረዳ ጨነቀን።»

«ሚስቱ በሕይወት የለችም። ሴት ልጅ ነበረችው፤ ሚጡ ነበር የምንላት፣ ሌላ ስሟን ማን ያስታውሳል። ጨዋታውን ስንሠራ እዚያች ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ነው ያደገችው። ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷ ይዛት ድሬዳዋ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አይቻት አላውቅም።» ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ ጨመረ፦ «ስለ እሷ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይር ነበር። እኛም አንጠይቅም።»

የጽዮን ቢሮ አራት ኪሎ ካለው አዳራሽ ጀርባ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አለባበሷ ያማረ፣ ጣቷ ላይ የእጮኝነት ቀለበት ያለ። ስትናገር ቃላቷን ትመርጣለች።

«ጽዮን ዘርዓብሩክ እባላለሁ። በጣም አዝነናል። ምሽቱን ሰርዘነዋል።»

«ጋሽ ኪዳነማርያምን በደንብ ታውቂያቸው ነበር?»

«በስልክ ብቻ። ሱቃቸው ሄጄ አላውቅም።»

«አሮጌው ማሽን ሲጫወትስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«የት ሰምቼ? ይሄን የጋሽ ሙደሲርን ነው የማውቀው።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

ጽዮን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። ክራሩ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ሩጫ ሩጫ የሚል፣ ቁልቁለት የሚወርድ ዜማ ነው። ነጂባ ስልኩን አላየችም፤ የልጅቷን ቀኝ እጅ ነበር የምታየው። አመልካች ጣቷ ሳታውቀው ጠረጴዛው ላይ የክራሩን ምት ይከተላል። አንድም አይስትም። ዜማው ወደ መሀል ሲደርስ የታክሲ ጥሩምባ ገባ፤ እዚያ ጋ ጣቷ አየር ላይ ቆመ። ክራሩ አንድ ኖታ መታ፤ ጣቷ ግን አልወረደም። ቀጥሎ ወረደ። ዜማው ዞሮ እዚያው ቦታ ሲመጣ ጣቷ እንደገና ቆመ።

«ያምራል» አለች ነጂባ።

«አዎ» አለች ጽዮንና ስልኳን ዘጋች። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር፤ ጉንፋን ነው አለች።

ነጂባ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሙደሲር ስቱዲዮ ሄደች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መልሱን ስትሰማ ወንበሩ ላይ ብዙ ቆየች፤ ሙደሲር ውሃ ይምጣልሽ ወይ እስኪላት ድረስ።

ኪዳነማርያም ማክሰኞ ተቀበረ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ነጂባ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ወርቅአፈራሁ ብቸኛዋ ደህና ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እምሩና ሙደሲር ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ጽዮን ከበሩ አልራቀችም። ከታች በግቢው እድሩ የተከለው ድንኳን አለ፤ ለቅሶ ደራሾች እየመጡ ማንን ማጽናናት እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ተቀምጠው ይሄዳሉ።

«ሳጅን ገብረአብ ገዳይ ፈልጊ ብሎኝ ነበር» ብላ ጀመረች ነጂባ። «እኔን ግን ከመጀመሪያው ያስቸገረኝ ኮቱ ነው። የሚጠላው ሰው ራሱን ከፍ አድርጎ ኮት አያነጥፍለትም፤ መነጽሩንም አጥፎ አያስቀምጥለትም። ሲወድቅ አብሮት የነበረው ሰው ይወደዋል ማለት ነው።»

በእጇ ወደ በሩ አመለከተች።

«ሁለተኛው በሩ ነው። ከውስጥ ደህና መቀርቀሪያ አለው። ማረፍ የፈለገ ሰው ተነስቶ ይቀረቅራል። ከውጭ የተቆለፈው እሱ መነሳት ስላልቻለ ነው። የቆለፈውም ሰው መነሳት እንደማይችል ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ የቆለፈው...» አለ ሳጅኑ፣ እምሩን እያየ። ጓጉንቸሩ ላይ የነበረው ሰማያዊ ቀለም ከእሑድ ጀምሮ ከአእምሮው አልወጣም።

ነጂባም ወደ እምሩ ዞረች። «ጋሽ እምሩ፣ ቀለሙ የእርስዎ ነው። መጥተው ነበር።»

ሽማግሌው እጆቹን ወደ ኋላ ደበቀ። እንደ ተማሪ።

«መጥቼ ነበር» አለ። «ሊመሽ ሲል። በምሽቱ መድረክ ላይ እኔና ሙደሲር እንድንወጣ፣ እሱ ከታች እንዲቀመጥ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አለባበሱ... አነጋገሩ... ሰው ፊት አያምርም ብዬ። ይህን ልነግረው መጣሁ። ተቆልፏል። ጓጉንቸሩን አንስቼ አየሁት። ከውስጥ ሲያንኮራፋ ሰማሁ።»

«ተቆልፎበት ሲያንኮራፋ አልገረመዎትም?»

«ገርሞኛል። ግን ደስ አለኝ፣ ኢንስፔክተር። ዛሬ መንገር ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ። በእግሬ ጣቶች ጫፍ ደረጃውን ወረድኩ።» ወደ ደረጃው ተመለከተ። «እንዳይነቃብኝ ብዬ።»

እትዬ ወርቅአፈራሁ «ኧረ ኡኡ!» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«እሱ ያንኮራፋው እያንቀላፋ አልነበረም» አለች ነጂባ ቀስ ብላ። «ግን እርስዎ አልቆለፉበትም። ተቆልፎ ነው ያገኙት። አሁን ሙዚቃው ይቀራል። እትዬ ከአዛን በኋላ የሰሙት ከዚህ ማሽን አልወጣም፤ ካርዷ ከረፋድ ጀምሮ ጨርቁ ላይ ነበረች። ድምፁም የእሷ አልነበረም፤ ክራሩ ክራር ነበር ብለዋል። ያ የጋሽ ሙደሲር ቅጂ ነው። ጋሽ ሙደሲር ደግሞ ያን ሰዓት ስቱዲዮው ውስጥ ዘፋኝ እየቀዱ ነበር፤ አረጋግጠናል። ጋሽ እምሩ በስልካቸው ሊያጫውቱት አይችሉም።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረው አዩ። ጽዮን አልተንቀሳቀሰችም።

«እኔ እዚህ መጥቼ አላውቅም ብያለሁ» አለች።

«ብለሻል። ጋሽ ሙደሲር፣ እባክዎ።»

ሙደሲር ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ። ካርዷን ቀድሞ መልሶ ገጥሟት ነበር። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ በራ፤ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ታክሲ በነጥብ በነጥብ ተሠርታ ብቅ አለች፤ ከዚያ ያ የቆርቆሮ ክራር ክፍሉን ሞላው። ሻካራ ነበር፣ የሚነዝር። ጥሩምባው ሲገባ ክራሩ አንድ ኖታ ዘለለና ቀጠለ።

«ይሄ ነው» አለ ሙደሲር። «ካርዷ በአንድ ጊዜ ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው የምታወጣው። ጥሩምባው ዐሥረኛ ሆኖ ሲመጣ ከክራሩ አንዱን ትጥላለች። በኔ መሣሪያ ኖታው አይወድቅም። አስተካክለው ብዬ ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ። ‹ልጄ እዚህ ጋ ነው የምትስቀው› ይለኝ ነበር።»

ነጂባ ወደ ጽዮን ቀረበች። «ሰኞ ቢሮሽ ውስጥ የሰማነው ምንም የማይጎድለው ቅጂ ነበር። ጣትሽ ግን ሁለቱንም ጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ቆመ። ያቺን ጉድለት የሚያውቃት እዚህ ማሽን ሥር ያደገ ሰው ብቻ ነው። አንቺ ሚጡ ነሽ።»

እምሩ «የፈጣሪ ያለህ!» አለ።

ሙዚቃው አሁንም ይጫወት ነበር። ሙደሲር አጠፋው።

ጽዮን ተንሸራታ በሩ ሥር ተቀመጠች። ያማረው ቀሚሷ አቧራ ላይ ተነጠፈ።

«ያሳደገኝ የአክስቴ ባል ነው፣ በሱ ስም ነው የተማርኩት» አለች። «አባቴን ያገኘሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ተደብቄ እመጣ ነበር። ለእጮኛዬ ቤተሰብ ግን ልጅ ሳለሁ ሞቷል ብያቸዋለሁ። ይሄን ደረጃ፣ ይሄን ክፍል፣ የኮቱን ክርን... ሊያዩት ነው ብዬ አፈርኩ። ምሽቱን ያሰብኩት ሰው እንዲያከብረው ነው። ልጁ መሆኔ ሳይታወቅ።»

«ቅዳሜ ምን ሆነ?»

«ሽማግሌ ሊላክ መሆኑን ነገርኩት። ‹ወደ ማን ቤት?› አለኝ። ወደ ጋሽ ዘርዓብሩክ ቤት አልኩት። ‹እኔ እዚህ እያለሁ?› ብሎ እጄን ያዘኝ። አልተቆጣም፤ ያዘኝ ብቻ። እጄን መነጨቅሁት። ወደ ኋላ ሄደ፤ ስክሪኑ እግሩ ሥር ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሳቀ። ‹ምንም አልሆንኩም› አለ። ሊነሳ ሲል አዞረው። ኮቱን ከራሱ ሥር አደረግሁለት። ሰው ልጥራ ወይ አልኩት። ግን ፈርቼ ነው የጠየቅሁት፣ እምቢ እንዲለኝ። የወደፊት አማቴ ድልድዩ ጋ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ጋ ደርሼ ልምጣ ብያት ነው የወረድኩት። ብጮህ ሰው ይወጣል። ማነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?» ትንፋሿን ሳበች። «እሱም ገባው። ‹ሂጂ፣ ሰዎቹን አታስጠብቂ፤ የሙደሲርን አሰሚኝና ሂጂ› አለኝ። እስከ መጨረሻው ሰማው። እዚያች ቦታ ሲደርስ ‹አሁን ሙሉ ሆነ፣ ደግ አደረገ› አለ።»

ሙደሲር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቁልፉስ?» አለች ነጂባ።

«ደንበኛ እንዳይረብሸው ከውጭ ቆልፊልኝ አለ። ማታ ስትመለሺ መክፈቻውን በመስኮት አቀብልሻለሁ አለኝ።»

«ማታ አልተመለስሽም።»

«እራት ብሉ ተባለ። ለመውጣት የምለው ምክንያት አጣሁ። ተኝቶ ይሆናል አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በማግስቱ ስልክ ተደውሎ እንደ ማንኛውም ሰው ነገሩኝ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ‹በጣም ያሳዝናል› አልኩ። መቃብር ላይ ከኋላ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ብጀምር ማቆም ስለማልችል።»

እትዬ ወርቅአፈራሁ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ልጅቷ ሊሄዱ ብለው መሀል ላይ ቆሙ፤ የግድግዳው ማዶ ጸጥታቸው ትዝ ያላቸው ይመስል፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ነጂባ ነገሩን ከፈታች በኋላ ሁልጊዜ የሚሰማት እፎይታ ዛሬ አልመጣም። አንዲትን ልጅ በሰው ፊት ገልጣ እንዳራቆተቻት ተሰምቷት አፈረች። ቢሆንም ሥራዋ ነው።

«ልትገድዪው አላሰብሽም፤ አምንሻለሁ» አለች። «ሊድን የሚችል ሰው ላይ ቆልፎ መሄድ ግን በሕግ ይጠይቃል። ምን እንደሚባል ፍርድ ቤቱ ይለዋል። አሁን አብረን ጣቢያ እንሄዳለን።»

ጽዮን ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። መጀመሪያ አንድ ስልክ ልደውል?»

ሳጅን ገብረአብ አለቃውን አየ። ነጂባ ፈቀደች።

ጽዮን ስልኳን አውጥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። የደወለችው ለእጮኛዋ ነበር። አንድ የወንድ ድምፅ በደስታ ሲመልስ ሁሉም ሰሙት።

«አባቴ ሞተ» አለችው።

ከወዲያ ያለው ድምፅ ግራ ገብቶት የሆነ ነገር ጠየቀ።

«አይደለም» አለች። «ያኔ አልሞተም። የሞተው ቅዳሜ ነው። ኪዳነማርያም ይባላል። ከእናትህ መኪና ማዶ፣ ፎቁ ላይ ነበር።» ድምፁ ሲናገር ሰማችና «ሽማግሌ አትላኩ» ብላ ዘጋች።

ከዚያ ደረጃውን ወረደች። ነጂባ ከኋላዋ ተከተለቻት፤ እጇን አልያዘችም። ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጽዮን መግቢያው ላይ ጫማዋን አወለቀችና ገብታ ለሐዘንተኛ ተነጥፎ ባዶውን የቆየው ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። የእድሩ ዳኛ ጎንበስ ብሎ «ማን እንበልሽ፣ እኅቴ?» ሲላት በመጀመሪያ ድምፅ አልወጣላትም።

«ልጁ ነኝ» አለች ሁለተኛ ሲጠይቃት። ሦስተኛውን ማንም ሳይጠይቃት ተነስታ ጮኸችው፤ ከድልድዩ ወዲህ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ።

ነጂባ የፖሊሱን መኪና ሾፌር ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጇ ምልክት ሰጠችውና ከድንኳኑ ውጭ ቆማ ጠበቀች።